የአጎቴ ብርጭቆ

አጎቴን የሰፈሩ ሰው «ብርጭቆ» ይለዋል። ጠጪ ሆኖ አይደለም። ለመስኖ ተጋግዘን የሠራናት የአፈር ግድብ ጠባቂ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ከግድቡ ግርጌ የሚያዠውን ውሃ በብርጭቆ ይቀዳና ወደ ፀሐይ አንስቶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያየዋል። «ከጠራ ግድቡ አላበው ማለት ነው፤ ችግር የለም። ከደፈረሰ ግን ከውስጥ እየተበላ ነው» ይላል። ሃያ ዓመት ሙሉ ጠርቶ ነው ያገኘው። እኔም ነፍስ ካወቅኩ ጀምሮ ስቀልድበት ኖሬያለሁ።

አንድ ጠዋት ልብስ ሳሰጣ እየሮጠ መጣ። ጉልበቱን ስለሚያመው ሲሮጥ አይቼው አላውቅም። ብርጭቆውን ሰጠኝ። ውሃው ወተት የገባበት ሻይ መስሏል። ቤቴ ከግድቡ በታች ነው፤ ሁለቱ ልጆቼ ገና አልተነሱም።

«ልጆቹን ይዘሽ ጉብታው ላይ ውጪ። እኔ ውሃውን ልለቀው ነው።»

«ኮሚቴውን ሳትጠይቅ? ቲማቲሙ አበባ ላይ ነው እኮ! ሰዉ ይበላሃል!»

«ይብላኛ! አንቺ ብቻ ፍጠኚ።»

ትንሹን አዝዬ፣ ትልቋን እየጎተትኩ ወጣሁ። ዞር ስል አጎቴ ግድቡ አናት ላይ ቆሞ የመክፈቻውን መዘውር ይታገላል። አልዞር ብሎታል። ግድቡ ከሄደ መጀመሪያ የሚሄደው እሱ ነው። በስንት መከራ መዘውሩ ዞረና ውሃው ወደ ወንዙ ይወርድ ጀመር።

ሰዉ ግር ብሎ መጣ። የኮሚቴው ሰብሳቢ «ዓመት የለፋንበትን በአንድ ብርጭቆ አፈሰስከው!» እያለ ጮኸበት። እኔ ዓይኔን ከግድቡ ግርጌ አልነቀልኩም። ጠዋት መዳፍ የምታህል የነበረችው እርጥብ ቦታ ምንጣፍ አክላለች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አፈሩ ተንዶ ጉድጓድ ተከፈተ። ደግነቱ ውሃው ከዚያ በታች ወርዶ ነበር። ሲጮህ የነበረው ሁሉ ጉድጓዱን ሊያይ ወረደ።

በማግስቱ ሲቆፍሩት ጉድጓዱ ክንድ እስከ ትከሻ ይውጣል። መጨረሻው ላይ የበሰበሰ የዛፍ ሥር ተገኘ፤ ውሃው መንገድ ያገኘው በእሱ ነው። ግድቡ ላይ የበቀለውን ዛፍ ከነሥሩ ንቀሉት ተብሎ ነበር፤ ተቆረጠ እንጂ አልተነቀለም።

«ጉቶውን ማነው የተወው?» አለ ሰብሳቢው።

ትልቋን ልጄን አርግዤ ሳለሁ «አጎቴ፣ ጉቶውን ተውልኝ፤ ምሳህን ሳመጣ አረፍ እልበታለሁ» ያልኩት እኔ ነኝ። አንገራግሮ፣ አንገራግሮ፣ አሳዘንኩትና ተወልኝ።

«እኔ ነኝ፤ ሰነፍኩ» አለ። ወደ እኔ ዞር እንኳ አላለም።

አፌን ከፈትኩ፤ የሰው ዓይን ፈርቼ መልሼ ዘጋሁት። ጠባቂነቱን አንስተው የመዘውሩን ቁልፍ እዚያው ተቀበሉት። ለማን ይሰጥ ሲባል «የእህቱ ልጅ ሥራውን ታውቀዋለች» አሉና እጄ ላይ አስቀመጡት።

የዚያን ዓመት ቲማቲም ፀሐይ በላው፤ ግድቡ ግን ተጠገነ። ጠዋት ጠዋት ብርጭቆ ይዤ የምወርደው አሁን እኔ ነኝ። ስመለስ አጎቴ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል።

«እንዴት ነው?» ይለኛል።

«ጠርቷል» እለዋለሁ፤ ዓይኑን ሳላይ።