የጨመረችው ጨው

ባልደረቦቿ «ቁልፍ» የሚሏት ምሥጢር ስለማታወጣ ነው። «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የእሷን ሆድ ግን የብቅል ጎተራም አይከፍተው» እያሉ ይቀልዱባታል። እሷም እንዲህ መባሉን ትወደዋለች።

የምትሠራበት ላቦራቶሪ ፕሮቶኖችን እርስ በርስ እያጋጨ፣ ከስብርባሪው መሀል እስከ ዛሬ ያልታየ ከባድ ኳርክ፣ ፕሮቶን ራሱ ከተሠራባቸው ረቂቅ ቅንጣቶች ወገን የሆነ፣ ይፈልጋል። ስድስቱ የኳርክ ዓይነቶች ይታወቃሉ፤ ሰባተኛ ካለ ከሁሉም የከበደ ነው። የጓጓ ሰው ደግሞ የሌለውን ያያል። ስለዚህ ራሳቸውን የሚፈትኑበት አንድ ልማድ አላቸው፤ ከመሀላቸው አንድ ሰው በድብቅ ይመረጥና መረጃው ውስጥ የሐሰት ምልክት ይቀላቅላል። «ጨው» ይሉታል። ውጤቱ በሚገለጽበት ስብሰባ ላይ ጨማሪው እጁን ያነሳል። እስከዚያ ድረስ ትንፍሽ ማለት የለም፤ የተነፈሰ የሁሉንም ልፋት ገደል ይከተዋል።

የዘንድሮዋ ጨማሪ ቁልፍ ነበረች።

ምልክቱን ያገኙት ጋሼ ናቸው፣ ሥራውን ያስተማሯትና ዕድሜያቸውን ለዚህ ፍለጋ የሰጡት አዛውንት። ግራፉ ላይ ጉብ ያለችውን ነገር ሲያዩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ አደረጉት፤ እንደገና ጠረጉ። አጠገባቸው የቆመችው ቁልፍ ግን «እንኳን ደስ አለዎት» ማለት አልሆነላትም።

ጉዱ የመጣው ባለቤታቸው ሲደውሉ ነው።

«ልጄ፣ ጋሼሽ የልብ ቀዶ ጥገናውን አራዘሙት። ስብሰባው ሳያልፍ ንቅንቅ አልልም አሉ። እስቲ አንቺን ይሰሙሽ እንደሆነ።»

ሄደች። ጋሼ ሳሎናቸው ውስጥ ወንበር ላይ ተደግፈው፣ ደረጃ የወጣ ሰው ይመስል ቁና ቁና ይተነፍሳሉ።

«ጋሼ፣ ይታከሙ። ስብሰባውን እኔ እነግርዎታለሁ።»

«ይኼን ሳላይ ማደንዘዣ ልወጋ? ባልነቃስ?»

«ሐኪሙ ምን አሉ?»

«ሐኪም የማይለው ምን አለ» ብለው ሳቁ።

«ጨው» የምትል አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚቀራት። «ጥቂት ቀን ነው፣ ምን ይመጣል» ብላ ራሷን አባበለችና ዋጠችው። እውነቱን እንናገር ከተባለ የፈራችው ለስሟ ነው፤ ምሥጢር ጠባቂ መባልም ያሰክራል።

በስብሰባው ቀን ጋሼ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ከንፈራቸው ጠቁሯል። የቡድኑ ኃላፊ እንደ ልማዱ «ጨው የጨመረ አለ?» ሲል ጠየቀ።

ቁልፍ እጇን አነሳች። ከኋላ አንድ ሰው ሊስቅ ጀምሮ ተወው።

ጋሼ ቀስ ብለው ዞሩ። «አንቺ ነሽ?»

«ይቅር ይበሉኝ ጋሼ።»

«ምን አጠፋሽ፣ ሥራሽ ነው። እኔም ብሆን አልናገርም ነበር።» ሊነሱ ሞከሩና መልሰው ተቀመጡ። «ሐኪሙ ግን ቀዶ ጥገናውን ካለፈው ሳምንት እንዳታሳልፈው ብሎኝ ነበር።»

እጃቸውን ወደ ቁልፍ ዘረጉ።

«እስቲ ደግፊኝ ልጄ፤ ወንበሩ አልለቅ አለኝ።»

ሮጣ ደገፈቻቸው። እጃቸው ቀዝቅዞ ነበር።