ጉቴ ማን አለ?

ሚዲያ ኮንቨርተር በመዳብ ገመድ የመጣውን ኔትወርክ ወደ ብርሃን ቀይሮ በፋይበር የሚልክ ትንሽ ሳጥን ነው። ብቻውን አይሠራም፤ በሁለቱም ጫፍ አንዳንድ ይገጠማል። የፋይበሩ መብራት የሚበራው ከወዲያ ጫፍ ብርሃን ሲመጣ ብቻ ነው።

ተዘግቶ የከረመው የጉቴ ቅርንጫፋችን ሊከፈት ነው ሲባል፣ የነቀምቴውን ሳጥን እኔ ገጠምኩ። ሶኬት ላይ እንደሰካሁት የፋይበሩ መብራት ቦግ አለ። ጉቴ ገና ማንም አልሄደም፤ ቢሮው ኤሌክትሪክ እንኳ የለውም።

የጉቴው ዘበኛ ጋ ደወልኩ። "አካም ጅርቱ አባቴ? ቢሮው ውስጥ ማን አለ?"

"ማን ይኖራል ልጄ? ቁልፉ እኔ ጋ ነው።"

"ይግቡና ይዩልኝ እንጂ!" ሳላስበው ጮህኩባቸው።

በሩ ሲንሲያጠጥ በስልኩ ሰማሁ። "ሳጥንም የለ። ሁለት ቀጫጭን ቢጫ ገመዶች ናቸው፤ ጫፍና ጫፋቸው ተገጥሞ በቀይ ናስትሮ ተጠቅልሏል።"

ቀይ ናስትሮ የሚወደው ሥራውን ያስተማረኝ ባልደረባዬ ነበር። መስመር ብቻውን ሲፈትሽ የወዲያኛውን ሁለት ጫፎች ያገናኛል፤ ያኔ ከዚህ የተላከው ብርሃን ዞሮ እዚሁ ይመለሳል። ቅርንጫፉ ሲዘጋ ጉቴ ሄዶ ሳጥኑን ሲያነሳ እንዲሁ አድርጎት ነበር። ለመፍታት አልተመለሰም፤ ባለፈው ክረምት ቀበርነው።

"ልፍታው?" አሉኝ።

"ይፍቱት።"

መብራቱ እልም አለ። ስልኩን ሳልዘጋ መብራቱ የነበረበትን ቦታ አፍጥጬ አየሁት።

"አባቴ፣" አልኳቸው፣ "እባክዎ መልሰው ያገናኙት።"