«አቋርጠሽ ታውቂያለሽ?»

ሴት ልጆች ለምን ከትምህርት ቤት እንደሚቀሩ እንዳጠና ብለው እኔን ከትምህርት ቤት ያስቀሩኝ ሰዎች በጣም ደጎች ነበሩ። ደብዳቤያቸው «ነዋሪ ተመራማሪ» ይለኛል። ባሕር ማዶ፣ ሐይቅ ዳር ባለ ቤት ሦስት ወር ተቀምጬ ስለ ታዳጊ አገር ሴት ተማሪዎች እንዳስብ ነው። ሸዋ ሮቢት ያለችው ጎረቤቴ ደብዳቤውን ሳነብላት፣ «ነዋሪ ከሆንሽማ ከቀበሌ መሸኛ ማውጣት አለብሽ» አለችኝ። ሳቅሁባት።

የማስተምረው ጀውሃ አጠገብ፣ አስፋልት ዳር ባለ ትምህርት ቤት ነው። ያን ጊዜ ስምንተኛ ክፍል አንዲት ጎበዝ ተማሪ ነበረችኝ። አባቷ ማሾና ሽንኩርት የሚያለሙ ገበሬ ናቸው፤ ልጅቷን ዕድሜ ጨምሮ አረብ አገር ሊልክ ያሰበ ደላላ ወጥሮ ይዟቸዋል። እኔ በየጁምዓው ከሶላት ሲመለሱ ጠብቄ ደጃቸው ላይ እገኛለሁ።

«ጋሼ፣ እባክዎ ፈተናዋን ትጨርስ» እላለሁ።

እሳቸው ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ «እሺ እትዬ፣ ኢንሻአላህ» ይላሉ።

በዚህ አንድ ሳምንት ታልፋለች። በሚቀጥለው ጁምዓ ደግሞ እሄዳለሁ። ሌላ ዘዴ አልነበረኝም። ደብዳቤው ሲመጣ ግን ሣሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ ሆንኩ፤ «ሦስት ወር ምን አላት፣ በስልክ እለምናቸዋለሁ» ብዬ ሻንጣዬን አሰርኩ። ሁለቴ ደወልኩ። ከዚያ ኔትወርኩም አስቸገረ፣ እኔም ሰነፍኩ።

ስንፍናው የመጣው ከምቾት ነው። ክፍሌ ሞቃት ነው፤ በመስኮቴ ዳክዬ ይታያል። ማክሰኞ ማክሰኞ ምሳ ላይ ከሌሎቹ ተመራማሪዎች ጋር ስለ ልጃገረዶች እናዝናለን፤ ጣፋጩ ሲቀርብ ሐዘኑን እናቆማለን።

የጥናቱን መጠይቅ፣ የሚመራኝ ፕሮፌሰር በራሱ ቋንቋ አዘጋጅቶት፣ አዲስ አበባ ያለ አንድ ሰው ወደ አማርኛ መለሰው። ቦታ ለመቆጠብ ይሁን አላውቅም፣ ሰውዬው «ትምህርት» የምትለዋን ቃል ዘሏታል። ሦስተኛው ጥያቄ «አቋርጠሽ ታውቂያለሽ? ስንት ጊዜ? ለምን?» ብቻ ይላል። የሥራ ባልደረባዬ ክፍል ውስጥ አስሞልታ ወረቀቶቹን በስልኳ ፎቶ እያነሳች ለፕሮፌሰሩ ቢሮ ላከች።

የእኛ ልጆች አብዛኞቹ ቤታቸው ከአስፋልቱ ማዶ ነው።

«አዎ፣ በቀን ሁለቴ» ብላለች አንዷ። ሌላዋ፣ «ትምህርት ቤቱ ወዲያ ማዶ ስለሆነ።» ሌላዋ፣ «ሲኖትራክ ካለፈ በኋላ ግራ ቀኝ አይቼ።» አንዷማ፣ «ብቻዬን አላቋርጥም፣ እናቴ ትቆጣለች» ብላ ጽፋለች።

ፕሮፌሰሩ የመልሶቹን ትርጉም አንብቦ ከመቀመጫው ተነሳ። «ጠዋት ያቋርጣሉ፣ በዚያው ቀን ይመለሳሉ! እንዴት ያለ ጽናት ነው!» አለ። ልጆቹ የሚያወሩት ስለ መኪና መንገድ እንደሆነ አስረዳሁት። ጥቂት አሰበና፣ «እንግዲያው መንገዱ ምሳሌ ነው» አለኝ። ምሳሌ ሳይሆን ሰው የሚገጭበት አስፋልት ነው ብዬ ብነግረው ይህንንም በማስታወሻው ጻፈው። በማግስቱ ባለቀለም ሰንጠረዥ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ።

እኔ ክፍሌ ገብቼ ወረቀቶቹን እያገላበጥኩ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። እየሳቅሁ አንዱ ላይ ደረስኩ። ስም የለበትም፤ ግን ሁለት ዓመት ያረምኩትን የእጅ ጽሑፍ አላጣውም።

«እስካሁን አላቋረጥኩም። ከፊታችን ሰኞ ጀምሮ ግን አቋርጣለሁ። መምህሬ መምጣት ስለተወች አባቴ ለደላላው እሺ አለ።»

ከክፍሉ ሁሉ ጥያቄው የገባት እሷ ብቻ ነበረች። ወረቀቶቹ እኔ ዘንድ ከመድረሳቸው በፊት የሥነ ምግባር ኮሚቴው ጥናቱ ልጆቹን እንዳይጎዳ ሲመረምር ሦስት ሳምንት አስቀምጧቸዋል። ያ ሰኞ ካለፈ ቆይቷል።

ስልኬን አንስቼ ደወልኩ። አባትየው ወዲያው አነሱት።

«ሄዳለች እትዬ። አልሃምዱሊላህ፣ በሰላም ገብታለች።»

«ጋሼ፣ ቃል ገብተውልኝ አልነበር?»

«ወላሂ ገብቼ ነበር» አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም። «ጁምዓ ጁምዓ በር በሩን ሳይ ነበር። ሰውዬው በየቀኑ ይመጣል፣ አንቱ የሉም። ማንን ልፈር?»

ማልቀሴ እንዳይሰማ ስልኩን ከአፌ አራቅሁት። እሳቸው መስመሩ የተቋረጠ መስሏቸው ሁለቴ «ሃሎ» አሉ። ከዚያ በረጋ ድምፅ፣ «ለመሆኑ እዚያ ምን ይዞዎት ነው የቀሩት?» ብለው ጠየቁኝ።

የእሳቸውን ልጅ ነው የማጠናው ማለት አፍሬ፣ «ሥራ በዝቶብኝ ነው» አልኳቸው።