የማክሪና በር ሲንኳኳ

ማክሪና በተራራው መንደሯ ሳለች በሯን የሚያንኳኳ እንግዳ አልነበረም። የተራራው ነባር ሕዝብ የሆነው የራራሙሪ ሰው በእንግድነት ሲሄድ ከቤቱ ሠላሳ አርባ እርምጃ ርቆ መሬት ላይ ይቀመጣል፤ ፊቱንም ወደ ሌላ ያዞራል። ባለቤቱ ከፈለገ ይወጣል፤ ካልወጣ እንግዳው ሳይከፋው ተነሥቶ ይሄዳል። እንዴት ያለ ጨዋነት ነው! ማንም ማንንም ፊት ለፊት «አይሆንም» ለማለት አይገደድም።

በሩን መጀመሪያ ያንኳኩት የአደንዛዥ ዕፅ ነጋዴዎች ታጣቂዎች ናቸው። ባሏ ኢሲድሮ የበቆሎ ማሳውን ለኦፒየም አበባ አልሰጥም ብሏቸው ነበር። ይዘውት ወጡ፤ አልተመለሰም። የመንግሥት መዝገብ ላይ ግን «ቤተሰቡን ጥሎ የሄደ» ተብሎ ሰፈረ። ያየችው እሷ ብቻ ነበረች፤ ፈርታ ዝም አለች። ከዚያ ወዲህ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ከተማ ዳር ከሌሎች ተፈናቃይ ሴቶች ጋር፣ ቀሚስ እየሰፋች ልጆቿን አሳደገች።

አንድ ቀን የተፈናቃዮችን ቃል የምትመዘግብ ኖርማ የምትባል ወጣት መጣች። እናቷ ራራሙሪ ናት፤ እሷ ግን ያደገችው ከተማ ነው። ቀጥ ብላ ሄዳ በሩን ደበደበች። ማክሪና ስፌቷን ጥላ ጥግ ውስጥ ተወሸቀች።

«አንቺ ልጅ!» ብላ ጮኸች ጎረቤቷ ቺታ ከውጭ። «እናትሽ መቀመጥ አላስተማረችሽም?»

ኖርማ ጥፋቷ ሲገባት ፊቷ ቀላ። በማግስቱ ከቤቱ ርቃ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ።

«ልጅቷን ፀሐዩ ቋንጣ አደረጋት እኮ» አለች ቺታ ብቅ ብላ።

«ቋንጣ ጥያቄ አይጠይቅም፤ ይሻላል» አለች ማክሪና። እጇ ግን መርፌውን ካቆመ ቆይቷል። እሷ ካልተናገረች ኢሲድሮ ጥሎ እንደሄደ ተቆጥሮ ሊቀር ነው።

ከሰዓት በኋላ የበቆሎ በሶ በጥብጣ ወጣችና ከልጅቷ ጎን ተቀመጠች። ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ወደ ተራራው ነበር የሚያዩት።

«እማማ፣ ያን ቀን አስደነገጥኩዎት። ይቅር ይበሉኝ።»

«መጀመሪያ ጠጪ።»

ኖርማ ጠጣች። ማክሪና የቀሚሷን ጠርዝ ስታጣጥፍ ቆየች።

«በሩን የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ» አለች በመጨረሻ። «ሰው የታመመበት ጎረቤት መስሎኝ።»

ኖርማ ጠጋ ብላ ትከሻዋን የማክሪና ትከሻ ላይ አሳረፈች። ማክሪና አለቀሰች፤ ከዚያ ሁሉንም ነገረቻት፤ የታጣቂዎቹን ቁጥር፣ የመኪናውን ቀለም፣ ኢሲድሮ ጫማውን እንኳ ሳያጠልቅ መወሰዱን።

«ስምዎን ልጻፍ?»

«የኔን ተዪው፣ ልጄ። ልጆች አሉኝ።» ትንሽ አሰበች። «የሱን ግን ጻፊ። ሁለት ቦታ ጻፊው፤ አንዱ ቢጠፋ።»