በብርሃንነሽ ቤት የተዋጠ ክኒን

ዙቤይዳ ሰቶ ሰመሮ በሚባለው ሰፈር ውስጥ ኮረሪማና ዝንጅብል ስትቸረችር የኖረች፣ ጨዋታዋ ገበያውን ሁሉ የሚያስቅ ሴት ናት። በአንድ ነገር ላይ ግን አፏ አይላወስም ነበር። ልጇ ሩፈይዳ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለች ቲቢ ይዟት ነበር። ይህ ከተሰማ ማን ያገባታል? ስለዚህ ልጅቷ መድኃኒቷን ጨርሳ እንደዳነች እናት ሆዬ የሕክምና ካርዱን ከሰል ላይ ጣለችው። «ማንም ቢጠይቅሽ ታምሜ አላውቅም በይ» ብላም አስማለቻት።

ሩፈይዳም ቃሏን ጠበቀች። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ውጭ አገር ነፃ የትምህርት ዕድል ስታገኝ፣ ለቪዛው የጤና ምርመራ ቀርባ «ታምሜ አላውቅም» አለች። ደረቷ ራጅ ሲነሣ ግን የድሮው ጠባሳ ቁልጭ ብሎ ታየ። ቪዛው ተከለከለ። ይግባኝ ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን አክታዋ ንጹሕ መሆኑ ተመርምሮ፣ ሕክምናውን መጨረሷም ከታከመችበት ጤና ጣቢያ ተረጋግጦ መቅረብ አለበት።

አክታው ንጹሕ ሆነ። ጤና ጣቢያው ደግሞ «ካርዱ ከሌለ፣ የዚያን ጊዜው መዝገብም ካልተገኘ፣ መድኃኒቱን ስትውጥ ይከታተላት የነበረው ሰው መጥቶ ይመስክር» አለ። ያ ሰው የዙቤይዳ ጎረቤት ብርሃንነሽ ነበረች።

በዚያ ዓመት ረመዳን የገባው ሕክምናው ሳያልቅ ነው። የታመመ ሰው እንዲጾም እንደማይገደድ ሁሉም ያውቃል፤ ጭንቁ ታማለች መባሉ ነበር። ስለዚህ ልጅቷ በየጠዋቱ ብርሃንነሽ ቤት ሹልክ ብላ ገብታ ቁርሷን ትበላለች፣ ክኒኗን ትውጣለች። ሰፈር ደግሞ ዓይን አያጣም። «ክርስቲያኗ በጾም እያበላች ሃይማኖቷን ልታስለውጣት ነው» ተባለ። ሰላምታ የነሷትም ነበሩ። ብርሃንነሽ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ዙቤይዳም ሐሜቱን እየሰማች ዝም አለች። ታዲያ ዛሬ በምን ዓይኗ አይታ ትለምናት?

ዙቤይዳ በሯ ላይ ቆማ ነገሯን ሳትጨርስ ብርሃንነሽ ነጠላዋን አነሣች።

«ማሎ፣ እባክሽ ዙቤይዳ! ለሩፈይዳ ደግሞ ልመና ያስፈልጋል? ነይ እንሂድ።»

ሄዳ መሰከረች። ይግባኙ ተቀባይነት አገኘ፣ ቪዛው መጣ።

በስንብቱ ዱዓ ቀን የሰፈሩ ሴቶች የዙቤይዳን ግቢ ሞሉት። ብርሃንነሽ እንደ ልማዷ በሩ አጠገብ፣ ዳር ላይ ተቀመጠች። ዱዓው ሲያበቃ ዙቤይዳ ተነሣች።

«እስቲ ስሙኝ። ልጄ ቲቢ ይዟት ነበር። በዚያ ረመዳን ብርሃንነሽ ያበላቻት እኔ ለምኛት ነው። ስታሟት ዝም ያልኩትም እኔው ነኝ። ዛሬ ልጄ በእግሯ ቆማ የምትሄደው በአላህ ፈቃድ፣ በዚህች ሴት እጅ ነው። አልሐምዱሊላህ። ለአንቺም አላህ ይስጥልኝ፣ እህቴ።»

ያኔ ሰላምታ ከነሷት አንዷ የነበረችው አሚራ ከፊተኛው ምንጣፍ ተነሥታ ወደ በሩ ሄደች፤ ብርሃንነሽን እጇን ይዛ አምጥታም በራሷ ቦታ አስቀመጠቻት።