ከ«ዛን» በኋላ

እንግሊዝኛ ያስተማረን ሰው ክፉ ነበር። እንዲህ ብዬ ስጀምር እህቴ ቅር ይላታል፤ «ሙት ወቃሽ አትሁኚ» ትለኛለች። አልሞተም እኮ! ደሴ ሱቅ ከፍቶ ተቀምጧል አሉ። ቢሞትም እወቅሰዋለሁ።

ትምህርት ቤታችን ከሰቆጣ ወደ ጽጽቃ በሚወስደው መንገድ ነው፤ እስከ ስምንተኛ ብቻ። እኔና እህቴ አንድ ክፍል ነበርን። በዕድሜ ታላቅ እኔ ነኝ፤ እናታችን ወገቧን የታመመች ጊዜ አንድ ዓመት ቤት ቀርቼ ነው ታናሼ የደረሰችብኝ። እኔ ደግሞ እንግሊዝኛ እወድ ነበር። የሚያስተምረኝን እየጠላሁ ትምህርቱን ወደድኩት፤ ምን ላድርግ።

ሰውየው ማወዳደሪያ ሲያስተምር በሰው ነበር። ሁለት ሁለታችንን ፊት ለፊት ያቆምና በእንግሊዝኛ ያበላልጠን ነበር፤ ክፍሉ ተከትሎ ይጮኻል። አንዱን ልጅ አስነስቶ «ሱሪው ከራሱ ይልቅ በዕድሜ የገፋ ነው» አስባለን። አንዷን ከጥቁር ሰሌዳው አጠገብ አቁሞ ማን ይጠቁራል አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ እሷ ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት አልመጣችም። ስትመጣም መጀመሪያ ያስነሳት እሷን ነበር።

የሁላችንም ጥፋት አንድ ነበር። በእኛ ቋንቋ «ከ» ለሁሉም ትሆናለች፤ ከቤት ወጣሁ፣ ከአንተ እበልጣለሁ። ስለዚህ «ከእኔ ትረዝማለች» ለማለት ሁሉም «ቶል ፍሮም ሚ» ይላል። ይሄኔ ሰውየው ዓይኑ ይበራል። «ፍሮም? ከሆድህ ነው የወጣችው? ወለድካት እንዴ?» ይላል። ወዲያው ክፍሉ ያን ልጅ እናት ይለዋል፤ ዓመቱን ሙሉ እናት ሆኖ ይከርማል።

«ዛን ነው የሚባለው» እያለ ጠረጴዛ ይደበድባል። «ከ‹ዛን› በፊት ያለው ዋናው ነው። ከ‹ዛን› በኋላ ያለው ጥገኛ ሐረግ ነው። የሚበልጠውን ዋናው ላይ፣ የሚያንሰውን ጥገኛው ላይ ታስቀምጣላችሁ። ጥገኛ ብቻውን አይቆምም! ብቻውን ካቆማችሁት ይወድቃል።»

እኔ ገባኝ። ዛንን ብቻ ሳይሆን ከኋላዋ የምትጎተተዋን ጭምር፤ «ዛን አይ አም» ማለት እችል ነበር። ከዚያ ክፍል ይህን ያለ ስህተት የሚል ሌላ ሰው አልነበረም፤ ጉራ አይደለም። ቤት ውስጥ እህቴን «ፍሮም መውጫ ናት፣ ዛን መብለጫ ናት» እያልኩ አስጠናት ነበር። እሺ እሺ ትልና ነገ ጠዋት ያው ፍሮም ናት።

አባታችን መሪጌታ ናቸው። ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ቅኔና ሰዋስው ያስተምሩ ነበር፤ ተማሪዎቻቸው የኔታ ይሏቸዋል፣ እኛም የኔታ እንላቸዋለን። አባባ ብያቸው አላውቅም። ስምንተኛን ልንጨርስ ስንል አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ሁለታችንንም ጠሩን።

«ሰቆጣ ገብታ የምትማረው አንዳችሁ ናት» አሉ። «አንዳችሁ እናታችሁን ታነሳለች፣ ታስተኛለች። የምትበልጠው ትማር።»

የምትበልጠው! ደስታዬን አልቻልኩትም። በእኛ አገር «ትበልጣለች» ካሉ ታላቅ ናት ማለት ነው። ዞር ብዬ እህቴን ሳያት እሷም ፈገግ ብላለች። ምን ያስቃታል አልኩ በሆዴ። ለካ እሷም ቃሉን በመሰላት ተርጉማዋለች። እንግሊዝኛ ቢሆን ኖሮ እኮ በምን እንደምትበልጥ ሳይናገሩ አይታለፍም፤ በቁመት ነው? በዕድሜ ነው? በአእምሮ ነው? የእኛ «መብለጥ» ግን ሁሉንም ውጦ ዝም ይላል።

«በምን የምትበልጠው፣ የኔታ?» አልኳቸው።

«አስተማሪያችሁ ይነግረኛል» አሉ።

ትምህርት ሊዘጋ ሲል መጡ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ መቁጠሪያቸውን ይዘው፣ ግቢው ውስጥ ካለው ወይራ ሥር ተቀመጡ። ሰውየው አጎንብሶ ጉልበት ሳማቸው፤ ለትልቅ ሰው ያለው ትሕትና ሌላ ነበር። የመጡበትን ሲነግሩት ሳቅ አለ። «እዚሁ እርስዎ ፊት ልፈትናቸው» አለና ወደ እኛ ዞረ። «ስለ እህትሽ አንድ ዓረፍተ ነገር፤ ማወዳደሪያ ያለው፣ ጥገኛ ሐረግ ያለው።»

እኔ ቀደምኩ። ስለ እህትሽ ስላለ እህቴን ዋናው ላይ አደረግኳት። ከ«ዛን» በኋላ ራሴን አስቀመጥኩ። «ማይ ሲስተር ኢዝ ክሌቨረር ዛን አይ አም» አልኩ፣ ቃል በቃል፣ እንደ ዳዊት።

«ልክ!» አለ ሰውየው።

«ምን አለች?» አሉ የኔታ።

«እህቴ ከእኔ ይልቅ ብልህ ናት አለች።»

«ልክ ናት?»

«ልክ ናት የኔታ! እንከን የላትም!»

ቀጥሎ እህቴ ተነሣች። የእኔኑ ልትደግም ፈልጋ ነበር፤ ግን ስትፈራ ምላሷ ይተሳሰራል። «ማይ ሲስተር ኢዝ ክሌቨር ፍሮም ሚ» አለች።

«ስህተት!»

«ምን አለች?»

«እሷም እህቴ ከእኔ ይልቅ ብልህ ናት ነው ያለችው።»

«ስህተት ነው?»

«ፍጹም ስህተት!»

የኔታ መቁጠሪያቸውን ሰበሰቡ። «እንግዲህ አለቀ» አሉ። «ታላቂቱ፣ ታናሺቱ ትበልጣለች ብላ ልክ ተባለች። ታናሺቱ፣ ታላቂቱ ትበልጣለች ብላ ስህተት ተባለች። ትንሿ ትማር።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ሰውየውን አየሁት፤ አሁን ያርማቸዋል ብዬ። ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር፣ እንባው እስኪወርድ። ዓይኑን ጠረገና «የኔታ፣ ፍርድ አዋቂ ነዎት!» አላቸው። በቃ፣ ይህችን ብቻ።

«ልክ ያለው ንግግሬን ነው እንጂ...» ብዬ ጮህኩ።

«ዝም በይ! ከአፍ የወጣ አፋፍ» አሉኝ። «እኔ ምን አደረግሁሽ? በገዛ አፍሽ መሰከርሽ።»

በመስከረም እህቴ ሰቆጣ ገባች። እኔ እናቴን አነሳሁ፣ አስተኛሁ። እናቴ ሲያማት አማርኛው ይጠፋትና በእናት ቋንቋዋ በኽምጣኛ ብቻ ታቃስታለች፤ ሌላ ጊዜ ግን በሳቅ የሚገድል ቀልድ ነበራት። ስትሞት እኔም እንደ እኩዮቼ ዐረብ አገር ሄድኩ። «የባሰ አለና አገርህን አትልቀቅ» የሚሉት ለሌላ ሰው ነው። የተቀጠርኩባት እመቤት ጠዋት ማታ ከእኔ በፊት ከነበረችው ሠራተኛ ጋር ታወዳድረኝ ነበር፤ የፊተኛዋ ትፈጥናለች፣ የፊተኛዋ ታጥባለች፣ የፊተኛዋ ዝም ትላለች። አንድም ቀን እኔን ዋናው ላይ አላስቀመጠችኝም።

ስመለስ እህቴ ሰቆጣ የቢሮ ሥራ ይዛ አገኘኋት፤ የኔታንም እሷ ዘንድ አምጥታቸዋለች። ዓይናቸው ደክሟል፣ እግራቸው እምቢ ብሏል። እኔም እሷው ቤት ገባሁ፤ በሠላሳ ዓመቴ ጥገኛ ሆንኩ ማለት ነው። እንግዳ ሲመጣ «ታላቄ ናት፣ ትበልጠኛለች» ብላ ታስተዋውቀኛለች።

«በምን?» እላለሁ እንግዳው ፊት። አንገቷን ትደፋለች። እኔም አላዝንላትም፤ ሲበዛባት ደስ ይለኛል።

ባለፈው፣ እህቴ ሥራ ሄዳ፣ የኔታን ደጅ አወጣኋቸው። ግድግዳውን ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። ስንት ዓመት ያመላለስኩትን ነገር ያን ጊዜ አነሳሁት። ሰው ተሳስቶ በደለኝ ማለት ይቀላል፤ እኔም ተሳስተው ነው ብዬ ነበር የኖርኩት።

«የኔታ፣ ያን ዕለት ወይራው ሥር ተሳስተው ነበር» አልኳቸው። «ሰውየው ልክ ያለው ቋንቋዬን ነው። ነገሩን አልነበረም።»

ጥርስ በሌለው አፋቸው ሳቁ። «አንቺ ልጅ! ዕድሜዬን ሙሉ ሰዋስው ያስተማርኩ ሰው፣ የቋንቋ ልክና የነገር ልክ ይጠፋኛል? ተማሪ መጥቶ ‹እብን ሰረረ›፣ ድንጋይ በረረ ቢለኝ፣ ልክ ነው ብዬ አሳልፈዋለሁ። ድንጋይ በረረ ማለት ነው? የእህትሽም ስህተት ገብቶኝ ነበር፤ ቤት ‹ፍሮም መውጫ ናት› እያልሽ ስታስጠኛት እሰማ ነበር። በግእዙም እኮ ‹እምነ› ለመውጣትም ለመብለጥም ናት። በአንደበቷ ነው የሳተችው።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ እናትሽን የምታነሳ ክንድ የነበረሽ አንቺ ነሽ። እሷ ጭራሮ ነበረች። ገና ሳልጠራችሁ ቆርጬ ነበር።»

«የምትበልጠው ትማር ብለው አልነበር?»

«እንዳትጣሉ ብዬ ነዋ» አሉ፣ በጣም ቀላል ነገር እንደጠየቅኳቸው ሁሉ። «አሁንም በጉልበት ማን ይደርስብሻል? በይ ነይ አንሺኝ፤ ፀሐዩ በረታብኝ።»

ሁለት እጃቸውን ዘረጉልኝ። ስድስት ሰዓት ገና መሙላቱ ነበር፤ የግድግዳው ጥላ እግራቸው ሥር አልቋል።

«የምትበልጠው ስትመጣ ታንሳዎት» አልኩና ወደ ቤት ገባሁ።

እህቴ ከሥራ የምትወጣው አሥራ አንድ ተኩል ነው።