ከግማሽ በታች ድሬዳዋ የለም

የጋለ ፍሬን ሽታ ዛሬም ካራማራ ላይ ያገኘኛል። ከፊቴ የሚወርደው የጭነት መኪና ፍሬኑን አብዝቶ ሲይዝ፣ ያ የተቃጠለ ሸራ ሽታ በመስኮት ይገባና፣ መሪ የያዝኩ ትልቅ ሴት መሆኔን ረስቼ፣ ኋላ ወንበር ላይ የታናሽ ወንድሜን የናሆምን እጅ ጨብጬ የተቀመጥኩ ይመስለኛል። አባቴ ያንን ተራራ ማርሹን አውጥቶ፣ ሾፌሮች «በፎሌ» እንደሚሉት፣ እየተንደረደረ ነበር የሚወርደው። «ቁልቁለት እግዜር በነፃ የሰጠን ናፍጣ ነው» ይል ነበር፤ በነፃ ያገኘውን ናፍጣ በፍሬን ሸራ እየከፈለ መሆኑን የሚነግረው ሰው አልነበረም፣ ቢኖርም አይሰማውም ነበር።

አባቴ የእንስሳት ጤና ባለሙያ፣ እናቴ ነርስ ነበሩ፤ ሁለቱም ከደብረ ብርሃን ተመድበው ጅግጅጋ መጥተው እኔና ናሆምን እዚያው ወለዱን። እኔ አሥር፣ ናሆም ሰባት ዓመት የሞላን ክረምት፣ ዝናቡ ሰፈራችንን ጭቃ በጭቃ ባደረገበት ሰሞን፣ የእናቴ ዝውውር ወደ ድሬዳዋ ወጣ። የአባቴ ግን «ለሚቀጥለው ዓመት» ተባለ፤ የሚቀጥለው ዓመት ደግሞ በመጣ ቁጥር ሌላ የሚቀጥለው ዓመት ነበረው። አባቴ አንድ ወር ያህል ሲብሰለሰል ከርሞ አገር ቤት ሄደና፣ ከአባቱ የወረሰውን፣ እናቴ «ቤት እንሥራበት» ስትለው የኖረችውን ቦታ ሸጦ፣ አሮጌ የናፍጣ መኪና እየነዳ ተመለሰ። «በየሁለት ሳምንቱ እናታችሁ ዘንድ አደርሳችኋለሁ!» አለን። እናቴ መኪናዋን ዞር ዞር ብላ አየቻትና፣ «ደግነቱ ጣሪያ አላት» ብላ ሻንጣዋን ልታዘጋጅ ገባች።

አውቶቡስ አልነበረም ወይ ለሚለኝ፣ ነበረ። በየጠዋቱ ረዳቶቹ «ሐረር፣ ድሬ! ሐረር፣ ድሬ!» እያሉ ሲጣሩ ከአልጋዬ ሆኜ እሰማቸው ነበር። ነገር ግን ቦታ ሸጦ መኪና የገዛ ሰው ልጆቹን በአውቶቡስ ከላከ፣ ሚስቱ ልክ ነበረች ማለት ነው፤ አባቴ ይህን ከሚያምን መኪናዋን በጀርባው አዝሎ ካራማራን ቢወጣ ይመርጥ ነበር።

ችግሩ ናፍጣ ነበር። ቦቴ ሲመጣ ማደያው ይቀዳል፣ ካልመጣ ግን «ናፍጣ የለም» የሚል ካርቶን ይንጠለጠልና ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ይመለሳል። መንገድ ዳር በጀሪካን የሚሸጠውን አባቴ አንዴ ገዝቶ ናፍጣ የሚረጨው ኖዝል ስለተበላሸበት ከዚያ ወዲያ ዞር ብሎም አላየውም። ስለዚህ አንድ ታንከር ናፍጣ፣ አባቴ ለሥራ ቱሊ ጉሌድ ወደሚባለው ገጠር የሚመላለስበትንም ድሬዳዋንም መቻል ነበረበት። እሱም አስልቶ አስልቶ ሕግ አወጣ፤ ቅዳሜ ጠዋት የናፍጣ ጌጁ መርፌ ግማሽ ላይ ካለ እንሄዳለን፣ ከግማሽ በታች ከወረደ ድሬዳዋ የለም። እናታችንን ማየት አለማየታችን በዚያች ጥፍር በምታህል መርፌ ተወሰነ ማለት ነው። ናሆም በማለዳ ፊቱን ሳይታጠብ ወጥቶ በመስኮቱ አሾልቆ ጌጁን ያይ ነበር፤ ሞተሩ ካልተነሳ መርፌው እንደማይነሳ ስላልገባው፣ በየቀኑ «ባዶ ነው!» እያለ ያለቅስ ነበር።

ከዚያ በጋው መጣ፣ የአባቴም ዘዴዎች አብረው መጡ። «ናፍጣ የሚጨርሰው የቆመን መኪና ማስነሳት ነው» ብሎ ስላመነ፣ ትምህርት ቤታችን በር ላይ መቆም ተወ፤ ቀስ ይላል፣ በሩ ይከፈታል፣ እኛ ደብተራችንን አቅፈን እየሮጥን እንገባለን። የክፍሌ ልጆች ይህን ለማየት ተሰልፈው ይጠብቁን ነበር፤ እኔ ደግሞ በቀላሉ የማፍር ልጅ ነበርኩና መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እል ነበር። ክብደት ለመቀነስ ጣሪያዋ ላይ ያለውን ፖርቶ መጋላ ፈታ፣ ይህስ ደግ። ቀጥሎ ስኮርታ ጎማውንና ክሪኩን አውርዶ ጓዳ አስገባ፣ በሳምንቱ የቱሊ ጉሌድ መንገድ ላይ ጎማ ፈነዳበትና በአሸዋ መኪና ተሳፍሮ፣ ከፀጉሩ እስከ ጫማው አፈር መስሎ ቤት ገባ። መስኮት መክፈት «ንፋስ ይይዛል» ተብሎ ተከለከለ፤ በዚያ ሙቀት ውስጥ ተዘግቶብን ላባችን እየተንቆረቆረ እንጓዝ ነበር። ከሁሉ ያስመረረን ግን አነዳዱ ነበር፤ ናፍጣውን እስኪበቃው ይረግጥና ማርሹን አውጥቶ ይለቃታል፣ ልትቆም ስትል እንደገና ይረግጣል። አንገታችን ወደፊትና ወደኋላ እየተወዘወዘ፣ ለሚያየን በሐሳቡ የተስማማን እንመስል ነበር።

ሶማሌዎቹ ጂላል በሚሉት የደረቅ ወራት አቧራው ሲበረታ ደግሞ፣ «ሞተሯ አቧራ እየበላች ነው» ብሎ እናቴ ትታው የሄደችውን ሻሽ የአየር ፊልትሮው ላይ ጥምጥም አደረገው። ከዚያን ቀን ጀምሮ መኪናዋ ጥቁር ጭስ ትተፋ ጀመር፣ ዳገት አልወጣ አለች፣ መርፌውም ዓይናችን እያየ ቁልቁል ወረደ። አባቴ የዓለምን ናፍጣ ሲራገም ሰነበተ። በኋላ ጋራዥ ወስዷት መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ሻሹን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አወጣና፣ «ጋሼ፣ ይቺ መኪና ታፍና ልትሞት ነበር እኮ!» ብሎ እስኪያስለው ሳቀ። አባቴ ሻሹን ተቀብሎ አራግፎ ኪሱ ከተተ። በዚያ ሻሽ ምክንያት ሁለት ቅዳሜ አምልጦን ነበር። እኔም በልቤ፣ ይቅር ይበለኝና፣ በአውቶቡስ የሚወስደን አባት ተመኘሁ።

ፋሲካ ሲቃረብ፣ ናፍጣው በየጊዜው እየጠፋ፣ እናቴን ከጥምቀት ወዲህ አላየናትም ነበር። የሥራ ጓደኛዋ ወልዳ ስለቀረች ተረኛነቱ ሁሉ እሷ ላይ ተደራርቦ፣ ለበዓሉም መምጣት እንደማትችል በጎረቤት ስልክ ነገረችን። ናሆም ስልኩን ተቀብሎ «እማዬ፣ ፊትሽ ጠፋኝ» አላት። አባቴ ይህን ሲሰማ ወጥቶ መኪናዋ ውስጥ ብቻውን ብዙ ቆየ። ማደያው ካርቶኑን ካንጠለጠለ ሁለት ሳምንት አልፎታል፣ ከድሬም ናፍጣ ጠፍቷል የሚል ወሬ መጥቷል፤ መርፌው ከግማሽ አንዲት ጭረት ከፍ ብሏል። ያቺን ጭረት ይዞ ቅዳሜን መጠበቅ ብቻ ነበር የቀረን።

ሐሙስ ጠዋት ቱሊ ጉሌድ አጠገብ ከብቶች ታመዋል ተብሎ መልእክት መጣ። አባቴ መቅረት አልቻለም፤ ትምህርት ቤት ለበዓል ስለተዘጋና ቤት የሚጠብቀን ስላልነበረ እኛንም ይዞን ሄደ። ሲሄድ ዘዴዎቹን ሁሉ ተጠቀመባቸው፤ እየረገጠ፣ እየለቀቀ፣ እያወዛወዘን። ስንደርስ መርፌው ግማሹን ሊነካ የፀጉር ያህል ቀርቶት ነበር። መመለሻው ገና አለ። ናሆም አላለቀሰም፣ ጌጁን ማየትም ተወ፤ እሱ ባሰኝ።

ከሰዓት በኋላ ስንመለስ አንዲት ሴት መንገዱ መሀል ቆማ እጇን ዘርግታ አገኘናት። ኤዶ ሆዳን ነበረች፤ ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፣ አባቴ ግመሎቿን ስለሚከትብላት በደንብ ያውቃታል። ዝናብ ጥሎ ወተት በተትረፈረፈበት በዚያ ወቅት ከጎረቤቶቿ እየሰበሰበች ወደ ጅግጅጋ ትወስድ ነበር። አጠገቧ ከዕፅዋት ሥሮች የተጎነጎኑ አራት የወተት ዕቃዎች ተደርድረዋል፤ ሃን ይሏቸዋል።

«ኤዶ፣ ዛሬ ጭነት አልችልም፣ ናፍጣ የለኝም» አላት አባቴ አንገቱን አውጥቶ።

«ዋሪያ ዶክተር፣ ናፍጣ መቼ ለመንኩህ? ቦታ ነው ያልኩህ» ብላ በሩን ከፈተችና ሃኖቹን አንድ በአንድ እግራችን ሥር አስቀምጣ ገባች።

አባቴ ጥርሱን ነክሶ ረገጠ፣ ለቀቀ። ወተቱ ቦጭ ብሎ በክዳኑ ሥር ወጣ። ሲረግጥ እንደገና።

«ወላሂ፣ የግመል ወተት ቅቤ አይወጣውም ሲባል ነው የማውቀው፤ አንተ ዛሬ ልታወጣው ነው!» ብላ ጮኸች። «እግርህን አረጋጋ! ያቻትን ፍየል አታያትም? ልትሻገር ነው። ከአሁኑ ቀስ በል፣ ስትደርስባት ፍሬን ምን ያደርግልሃል?»

«ኤዶ፣ መኪና የምነዳው እኔ ነኝ።»

«ወተቱ ግን የእኔ ነው።»

እስከ ጅግጅጋ ድረስ የነዳችው እሷ ናት ማለት ይቻላል። ጉድጓዱን ከሩቅ ታሳየዋለች፣ ዳገቱ ሳይጀምር «አሁን ትንሽ፣ ትንሽ» ትለዋለች፣ ቁልቁለቱ ላይ ማርሹን ሊያወጣ እጁን ሲሰድ «ተወው!» ብላ እጁን ትመታዋለች። መኪናዋ አንድ ዓይነት ድምፅ እያሰማች፣ ሳትንቀጠቀጥ ሄደች። አንገቴ ቀጥ ብሎ የተጓዝኩበት የመጀመሪያው ቀን ያ ነበር። ከተማ ስንገባ ናሆም በሁለቱ ወንበሮች መሀል አንገቱን አስግጎ ጌጁን አየና፣ «አልወረደም! አባዬ፣ ግማሽ ላይ ነው!» ብሎ ጮኸ። እውነትም መርፌው ግማሹን እንደነካ ቆሟል።

«ንፋሱ ከኋላችን ስለነበረ ነው» አለ አባቴ።

መልሶ ሊረግጥና ሊለቅ ነው ብዬ ፈራሁ። ድሬም ናፍጣ ስለሌለ፣ እንዲያ ከነዳ እዚያ ብንደርስ እንኳ መመለሻ አይኖረንም፤ እሱ ደግሞ መመለሻውን ካላመነበት አይነሳም። ኤዶ ሆዳን ግን ወርዳ ሃኖቿን እያወረደች የናሆምን ፊት አየችና፣ ምን እንደሆነ ጠየቀችው። እሱም ሁሉንም፣ መርፌውንም፣ እናቴንም፣ የጠፋውን ፊትም ነገራት። ከዚያ ወደ አባቴ ዞረች።

«ልጄ ድሬ ወልዳለች። ቅዳሜ በጠዋት አንድ ሃን አመጣልሃለሁ፣ ታደርስልኛለህ። የወላድ ወተት ነው፣ ጠብታ እንዳይፈስ።»

ክብደት ነው ሊላት አፉን ሲከፍት አየሁት፤ ነገር ግን የወላድ ወተት አልጭንም ብሎ እዚያ አገር እንስሳ ማከም አይቻልም። «እሺ» አለ፣ መርዝ እንደሚውጥ ሰው።

ቅዳሜ ናሆም ሃኑን በሁለት ጉልበቱ መሀል ይዞ፣ ወተቱ ሊፈስ ባለ ቁጥር «አባዬ፣ ወተት!» እያለ፣ ካራማራን ወጥተን ወረድን። አባቴ ማርሹን አላወጣም፤ ፍሬኑም አልሸተተም። ባቢሌ ላይ ለውዝ ሻጮቹ ሲከቡን ቆመን ገዛን፣ በስንት ጊዜያችን። የድሬዳዋን መግቢያ ቁልቁለት፣ ደንገጎን እንኳ በማርሽ ቀስ ብለን ወረድነውና፣ ሃኑን ለአራሷ ቤተሰብ አስረክበን ሆስፒታሉ በር ላይ ስንደርስ፣ መርፌው ከሩብ በላይ በደንብ ከፍ ብሎ ነበር። እናቴ ነጭ ጋወኗን እንደለበሰች ሮጣ ወጣች። አባቴ ከመኪናው ሳይወርድ በመስኮቱ፣ «ነይ፣ ነይ እስቲ ጌጁን እዪው!» አላት።

«ታዬ፣ ሦስት ወር ሆኖህ፣ እኔን ሳታይ ጌጅ ታሳየኛለህ?» አለች። ይህን ስትል ናሆም አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ፣ ፊቷን በመዳፎቹ እየዳበሰ ነበር። እኔ ተራዬን ስጠብቅ አባቴን አየሁት፤ ጌጁን ትቶ መሪው ላይ ግንባሩን ደፍቶ፣ ጉንጩ ርሶ ነበር። ላብ ነው ብዬ ነበር ያኔ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ አላመለጠንም። አባቴ የኤዶ ሆዳንን አነዳድ እንዳለ ወሰደውና «የእኔ ዘዴ» ብሎ ለመሥሪያ ቤቱ ሾፌሮች ያስተምር ጀመር፤ ስሟን አንድም ቀን ሲያነሳ አልሰማሁትም። እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

አሁን ዝውውሩ ወጥቶለት፣ ጡረታም ወጥቶ፣ ከእናቴ ጋር ድሬዳዋ ይኖራሉ፤ እኔ ሥራ ይዞኝ ጅግጅጋ ቀረሁ። መኪናዬ ናፍጣ ናት፣ በመቶ ኪሎ ሜትር ስንት እንደበላች ራሷ ትነግረኛለች፣ እኔም አንብቤው አላውቅም። በየሁለት ሳምንቱ ቀርቶ በየሁለት ወሩም አልሄድም፤ ስብሰባ ይኖራል፣ ድካም ይኖራል፣ የልጆች ፈተና ይኖራል። አባቴ እሑድ እሑድ ይደውላል። መቼ ትመጫለሽ ብሎኝ አያውቅም፤ «ጅግጅጋ ናፍጣ አለ?» ነው የሚለኝ። «አለ» ስለው «ጥሩ ነው» ይልና ዝም ይላል። ባለፈው እሑድ ያንን ዝምታ መስማት አቃተኝና፣ ታንከሬ ሙሉ ሆኖ ሳለ፣ «የለም አባዬ፣ ከጠፋ ሁለት ሳምንት ሆነው» አልኩት። ድምፁ ወዲያው ቀለለው። እናቴን ጠርቶ «ናፍጣ ጠፍቶባት ነው እኮ!» ሲላት ሰማሁ፤ ከዚያ ወደ እኔ ተመልሶ፣ «አይዞሽ የእኔ ልጅ፣ ይመጣል» አለኝ።